የአባቴ ስም ያለበት ደወል

እንኳን ለጌታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ!

የምጽፍላችሁ ከዬና፣ ከጀርመን ነው። እዚህ ዛሬ ተራ የሥራ ቀን ነው። የእነሱ ገና ካለፈ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው። ያጌጡት ዛፎች አሁን መንገድ ዳር ተጋድመው ቆሻሻ የሚያነሳውን መኪና ይጠብቃሉ። እኔ ትናንት ማታ ሽንኩርት ሳቁላላ አመሸሁ። ጠዋት የላሊበላን ቤዛ ኩሉ በስልኬ አየሁ። ደስ ብሎኛል። አልቅሻለሁም።

አባዬ በጥቅምት አረፈ። አልደረስኩም። ቀብሩ በማግስቱ ነበር። የመኖሪያ ፈቃዴም እድሳት ላይ ስለነበር ወጥቼ መመለሴ አልተረጋገጠም። እህቴ ስልኳን ከፍ አድርጋ ይዛ ቀብሩን አሳየችኝ። እጇ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ብዙውን ጊዜ ያየሁት ሰማዩን ነው። እህት ዓለም፣ ያን ቀን ስልኩን ስላልዘጋሽው አመሰግንሻለሁ።

እዚህ ሰው የሚጠራው በቤተሰብ ስሙ ነው። ሐኪም ቤት ተራዬ ሲደርስ «ፍራው» (ወይዘሮ እንደማለት ነው) ብለው የአባቴን ስም ያስከትላሉ። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር። «እሱ እኮ አባቴ ነው፣ የኔ ስም ሌላ ነው» እያልኩ ስንቴ አስረዳሁ! የፖስታ ሳጥኔም ላይ፣ የበር ደወሌም ላይ ያለው የሱ ስም ብቻ ነው። ከአገሩ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ስሙ ዬና በር ላይ ተለጥፏል። በስልክ ስነግረው «ታዲያ ቤት ሠራሽልኝ በይኛ!» ብሎ ሳቀ። ያ ሳቁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ያረፈ ዕለት ሌሊት አለቀስኩ። እንደ አገራችን እሪ ብዬ አይደለም። እዚህ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ጎረቤት መረበሽ ክልክል ነው። ትራስ አፌ ላይ ይዤ ነው ያነባሁት። በነጋታው በሬ ሥር ደብዳቤ አገኘሁ። ከጎኔ የሚኖሩት አሮጊት ናቸው። አንድ እሑድ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ስላስነሳሁ ከዚህ በፊትም ጽፈውልኝ ያውቃሉ። ልቤ ቀጥ አለ። ደብዳቤው ግን «ሲያለቅሱ ሰማሁ። ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብመጣ ይፈቅዱልኛል?» ይላል። አንቱ ነው የሚሉኝ፣ የልጅ ልጃቸው የምሆነውን።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፋኝ። ለቅሶ በቀጠሮ ይደረሳል እንዴ? የናፈቀኝ ሳይጠሩት ዘው ብሎ የሚገባ ሰው ነበር። ሐሙስ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወሉ ጮኸ። ጥቁር ለብሰዋል። ቡና አፈላሁ። ብዙም አላወራንም። ውጭው ጨለመ፤ መብራት ለማብራት የተነሳ የለም። አንድም ጊዜ ሰዓታቸውን አላዩም። ሊሄዱ ሲሉ «አባትዎ ስማቸው ማን ነበር?» አሉኝ። «በየቀኑ የሚጠሩኝ በሱ ስም ነው» አልኳቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ያንን ስም ቀስ ብለው፣ አንዷን ፊደል ሳይውጡ ይጠሩታል። እኔም አላርማቸውም፣ ማንንም አላርምም። ይጥሩት።

በኅዳር አንድ እሑድ በባቡር ጎታ ወደምትባል ከተማ ሄድኩ። ቤት መቀመጥ አቅቶኝ ነበር። ፍሪደንሽታይን የሚባለው ቤተ መንግሥት እዚያ ነው። ኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1652 ወዳጃቸውን ጀርመናዊውን ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍን ብለው የመጡት እዚህ ነው። ግዕዝና አማርኛ አስተማሩት። ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 መርከባቸው ሰጥሞ ባሕር ላይ ቀሩ። ሉዶልፍ ግን የተማረውን አልጣለውም፤ በ1698 የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ። ግቢው ውስጥ በብርዱ ብዙ ቆምኩ። ለእሳቸውም ለአባዬም ነፍስ ይማር አልኩ።

አመሰግናለሁ። በሰልስቱ ጀበናና ስኒ በሻንጣ ይዛችሁ ከላይፕዚግ የመጣችሁ ልጆች፣ ሳትነግሩኝ ስለመጣችሁ አመሰግናችኋለሁ። እንጀራውን ሰጥቶኝ ገንዘቤን አልቀበልም ያለው ኤርትራዊ ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥህ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሥራዬን ሳልለምነው የሸፈነልኝ የላብራቶሪ ጓደኛዬ አማርኛ አያነብም፣ ቢሆንም ልጻፈው። በእነሱ ገና ግብዣ ላይ ጾም መሆኔን አስታውሶ እንቁላልና ቅቤ የሌለው ኬክ ጋግሮልኝ መጣ።

በስልክ ለቀበራችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ዘንድሮ በዓሉን በሰላም ማክበር ላልቻላችሁ ወገኖቼ፣ የከርሞ ሰው ይበለን።

ጎረቤቴ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣሉ። የዶሮ ወጥ ቀምሰው አያውቁም። ከእናንተም በዚህ በኩል የሚያልፍ ካለ ቀጠሮ አያስፈልገውም። ከታች ሦስተኛው ደወል ነው። የአባዬን ስም ተጫኑት።