ሦስቱ ሞክሼዎች

የምሠራው ባሕር ዳር ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ነው። ሥራችን ታካሚን ከካርዱ ማገናኘት ነው። ከዘጌ፣ ከመራዊ፣ ከአዴት፣ ከጣና ማዶ ሳይቀር ሰው ይመጣል። የቀጠሮ ወረቀቱን ቤቱ ረስቶ የሚመጣው ደግሞ ይዞ ከሚመጣው አይተናነስም። ያኔ መፈለጊያችን ስም ብቻ ይሆናል።

ስም ግን ይደጋገማል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ድንጋጌው ወረቀት ላይ ቀረ፣ እኛም በራስ፣ በአባትና በአያት ስም ቀጠልን። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ይበቃል። መንግሥቱ ንዋይ ሲባል የታኅሣሥ 1953ቱ ጄኔራል፣ መንግሥቱ ለማ ሲባል ባለቅኔው፣ መንግሥቱ ወርቁ ሲባል በ1954 የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው ቡድን አጥቂ እንደሆነ ማንም ያውቃል። መንግሥቱ ኃይለ ማርያምንማ ማን ይስታል! እኛ መደርደሪያ ላይ ግን በራስም፣ በአባትም፣ በአያትም ስም አንድ የሆኑ ሦስት መንግሥቱዎች ነበሩ። የአባታቸውን ስም አላነሣም፤ የታካሚ ነገር ነው።

ሰኞ ጠዋት ነው፤ ግቢው በሰው ተጨናንቋል። ባልደረባችን በመስኮቱ ስም ጠራች። አንድ ጠይም ጎልማሳ ብድግ አሉ።

«መንግሥቱ እገሌ ነዎት?»

«አዎ ልጄ።»

«ዕድሜዎ?»

«ሃምሳ ይሆነኛል።»

ካርዱም ሃምሳ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 ዓ.ም. ባወጣው የታካሚ ደኅንነት ምክር ታካሚ ቢያንስ በሁለት መለያ ይረጋገጥ ይላል፤ ስምና የልደት ቀን ለምሳሌ። ባልደረባችን ሁለት ጠይቃለች። ችግሩ እኛ ጋ አብዛኛው ሰው ዕድሜውን የሚናገረው በግምት ነው፤ አርባ፣ ሃምሳ፣ ስድሳ። ሃምሳ ዓመት የሞላውም ያልሞላውም ሃምሳ ነው።

ካርዱ ወደ ውስጥ ገባ። ሲስተሯ ገልጣ አየችው፤ የስኳር ታካሚ፣ ግሊቤንክላሚድ የሚወስድ፣ መድኃኒቱ እንዲታደስለት የመጣ። «መድኃኒቱን በደንብ እየወሰዱ ነው?» ስትላቸው «አዎ» አሉ። እሳቸው ያሰቡት ጤና ጣቢያ ለሆድ ቁርጠት የሰጣቸውን ክኒን ነበር። ነጭ ጋዋን ለለበሰ ሰው «አይደለም» ማለት ለብዙ ሰው ይከብደዋል፤ በየቀኑ የማየው ነገር ነው።

ሲስተሯ ግፊታቸውን ልትለካ እጃቸውን ስትይዝ ቆም አለች። ጣቶቻቸው ላይ የመረብ ናይለን የቆረጠው ቀጫጭን ጠባሳ ተደራርቧል፤ መዳፋቸው ሻክሯል። ካርዱ ላይ ግን ሥራ በሚለው መስመር «መምህር» ተብሎ ተጽፏል።

«ጋሼ፣ የት ነው የሚያስተምሩት?»

«እኔ? እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው ልጄ። ዓሣ ነው የማጠምደው።»

ያቺ አንዲት መስመር ባትሞላ ኖሮ የሚሆነውን ሳስበው ዛሬም ይዘገንነኛል። ግሊቤንክላሚድ የደም ስኳርን የሚያወርድ መድኃኒት ነው። ስኳር የሌለበት ሰው፣ ያውም በባዶ ሆዱ ሌሊት ታንኳ ላይ የሚያድር ሰው ቢወስደው ራሱን ሊስት ይችላል። ከታንኳ ወድቆ ቢሰጥም ምክንያቱን ማን ያውቃል?

ካርዱ ወደ እኛ ተመለሰና ፍለጋ ጀመርን። መምህሩ መንግሥቱ ተገኘ። የዓሣ አጥማጁ ካርድም ተገኘ፤ ሥራው «ገበሬ» ተብሏል። ሦስተኛው ላይ «የግል» ተጽፏል። እሱን ስንገልጠው ለካ የዓሣ አጥማጁ የሰገራ ምርመራ ውጤት እዚያ ውስጥ ኖሯል፤ የቢልሃርዚያ ዕንቁላል ታይቷል። ጋሽ መንግሥቱ «ውጤትህ ጠፍቷል» እየተባሉ ሲመላለሱ የከረሙት ለዚህ ነው። ቢልሃርዚያ ለጣና ዳር ሰው እንግዳ አይደለም፤ ሲያጠምድም ሲታጠብም እግሩ ውኃ ውስጥ ነው።

ሐኪሙ እስኪያያቸው ካርድ ክፍሉ ደጃፍ ተቀምጠው አጫወቱን። ገበያ ላይ ነጭ ዓሣ የምንለው በአንድ ስም የሚጠራ ብዙ ዓይነት ዓሣ ነው፤ ተመራማሪዎች ጣና ውስጥ 17 ዓይነት ለይተዋል፣ 15ቱ ሌላ ቦታ አይገኙም። ጋሽ መንግሥቱ ቁጥሩን አያውቁትም። «ሌላ ዓሣ የሚውጠው አፉ ሰፊ ነው፤ ጭቃ የሚቆፍረው አፉ ወደ ታች የዞረ ነው። አፉን ካየሁ ሥራውን አውቃለሁ» አሉን። ባልደረባዬ ይህን ስትሰማ ብዕሯን አንሥታ «ገበሬ» የሚለውን ሰርዛ «ዓሣ አጥማጅ» ብላ ጻፈች።

ከዚያ ወዲህ «እገሌ ነዎት?» ማለት አቁመናል፤ «ስምዎ ማን ነው?» ብለን ታካሚው ራሱ እስከ አያቱ እንዲናገር እናደርጋለን። ስማቸው የገጠመ ካርዶች ላይ በቀይ «ሞክሼ አለው» ብለን እንጽፋለን። የላቦራቶሪ ወረቀትም የካርድ ቁጥር ካልተጻፈበት አንቀበልም። ባለ 12 አኃዙ የፋይዳ ቁጥር ሁሉም እጅ ሲገባ ብዙ ነገር እንደሚያቃልል አምናለሁ። እስከዚያው ግን አሞት የመጣ ሰው ቁጥሩን ሊረሳ ይችላል፤ ሠላሳ ዓመት የሠራውን ሥራ ግን አይረሳም።

ጋሽ መንግሥቱ ተመዝነው፣ በክብደታቸው ልክ የቢልሃርዚያው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ታዘዘላቸው። ሦስተኛው መንግሥቱ በስልክ ተጠርቶ መጣ፤ በሌላ ሰው ውጤት ሳይታከም አይቀርም ብለን ስለሠጋን ሐኪሙ ከመጀመሪያው እንዲመረምረው ተደረገ። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ባልደረባችን ሥራውን ጠየቀችው።

«የግል» አላት።

«የግል ምን?»

«ግንበኛ ነኝ። ድንጋይ።»

«ድንጋይ ግንበኛ» ብላ ጻፈችና ቀጣዩን ጠራች።