ለአጎቴ ዘፈን ስጭንላቸው የተማርኩት

አጎቴ የዘጌ ሰው ናቸው። ዘጌ በሬ አይጠመድም፤ ኑሮው በቡናውና በጌሾው ነው። ጋሼ ቡና ሲለቅሙ ጆሯቸው ባዶ መሆን የለበትም። ስማርት ስልክ ግን አይፈልጉም። ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ ዳታውም ወጪ ነው። ስለዚህ ባሕር ዳር ገበያ ወጥቼ ሚሞሪ የምትወስድ፣ ኪስ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ማጫወቻ ገዛሁላቸው። ዘፈን መጫኑ የኔ ሥራ ሆነ።

ብዙ ሰው ዘፈን ቤት ሄዶ ያስጭናል። ፈጣን ነው፤ ችግር የለውም። ግን የሚጭንልህ ሰው አጎትህን አያውቃቸውም። ሚሞሪው እስኪሞላ ይደፋበትና ይሰጥሃል። ለጋሼ ይህ አይሆንም። ዐቢይ ፆም ሲገባ 55ቱንም ቀን ዘፈን አይሰሙም፤ መዝሙርና በገና ብቻ ነው። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ትዝታውም አምባሰሉም ይመጣል። ሁሉም አንድ ሚሞሪ ላይ ከተቀላቀለ ቁልፍ ሲነኩ በፆም ዘፈን ሊገባባቸው ነው። ስለዚህ ሁለት ሚሞሪ ገዛሁ። የፆሙ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም አንዲት ነጥብ አደረግኩበት።

ባለሱቁ 64 ጊጋባይት ሊሸጥልኝ ነበር። ባለ 16ቱን መረጥኩ። ምክንያቱ ዋጋው ብቻ አይደለም። 64ና ከዚያ በላይ የሆነ ሚሞሪ ከፋብሪካው ሲወጣ ኤክስፋት በሚባል ፎርማት (ፋይል በሚቀመጥበት ስልት) ነው። ርካሽ ማጫወቻዎች ብዙዎቹ የሚያነቡት ፋት32 የሚባለውን ሌላ ፎርማት ነው። ከዚያ ላይ የዊንዶውስ የተለመደው የፎርማት መስኮት ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆነውን ፋት32 አያደርግልህም። ደግሞስ ምን ያህል ዘፈን ሊሰሙ ነው? በሰከንድ 128 ኪሎቢት ሆኖ የተቀዳ ኤምፒስሪ ለአንድ ደቂቃ አንድ ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። 16 ጊጋባይት ማለት ከ250 ሰዓት በላይ ነው። ቡናው ተለቅሞ ያልቃል እንጂ ሚሞሪው አያልቅም።

ቀጥሎ ፋይሎቹን ማየት ነው። ኮምፒውተሬ ላይ ያለው ሙዚቃ ከየቦታው የተጠራቀመ ነው። ከሲዲ የተገለበጠው ደብሊውኤምኤ ነው፣ ከስልክ የመጣው ኤምፎርኤ ነው፣ ጥቂቱ ፍላክ ነው። የጋሼ ማጫወቻ ከኤምፒስሪ ውጪ ያለውን ዝም ብላ ታልፈዋለች። አንዳንድ ሰው የፋይሉን ስም መጨረሻ ወደ ኤምፒስሪ ይቀይርና የተቀየረ ይመስለዋል። ስሙ ነው የተቀየረው፤ ውስጡ ያው ነው። መቀየሪያ ፕሮግራም ያስፈልጋል። እኔ ቪኤልሲን ተጠቀምኩ፤ ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ፍላክ ያለኝን ዘፈን ከፍላኩ ቀየርኩ፤ ፍላክ ከድምፁ ምንም ሳይቀነስ የተቀመጠ ነው። እንደ ደብሊውኤምኤና ኤምፎርኤ አንዴ ድምፁ ተቀንሶ የተጨመቀን ፋይል እንደገና መጭመቅ ድምፁን ያደክመዋል፤ ሌላ ከሌለህ ብቻ ነው።

የድምፅ መጠኑም ሌላ ጣጣ ነው። ከድሮ ካሴት የተገለበጠ በገና ለስላሳ ነው፤ አዲስ የስቱዲዮ መዝሙር ጆሮ ይሰነጥቃል። እጃቸው ቡና ላይ ያለ ሰው በየዘፈኑ ድምፅ ሲጨምርና ሲቀንስ አይውልም። ኤምፒስሪጌን የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ፋይሉን እንደገና ሳይጨምቅ ሁሉንም ወደ ተቀራራቢ መጠን ያመጣዋል። ይህን ሳያደርግ ለሽማግሌ ዘፈን የሚጭን ሰው ሥራውን ግማሽ ላይ ትቶታል ባይ ነኝ።

ከሁሉም በላይ ያሰብኩበት ግን ቅደም ተከተሉ ነው። ማጫወቻዋ ስክሪኗ የጣት ጥፍር ታክላለች። የአማርኛ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት የጋራ ዝርዝር) ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆች ነው፤ እሷ ግን እስካሁን አታውቀውም። "በገና" ብለህ ብትጽፍ ባዶ ሳጥን ታሳያለች። በእንግሊዝኛ ፊደል ብጽፈው ደግሞ ጋሼ አያነቡትም። ታዲያ የት እንዳሉ በምን ይወቁ?

በጆሯቸው። ስልኬን ይዤ "ጋሼ፣ ይሄ በገና ነው" ብዬ ቀዳሁ። ሌላውን "ይሄ የጠዋት መዝሙር ነው"፣ ሌላውን "ይሄ ትዝታ ነው" እያልኩ ለእያንዳንዱ ፎልደር አጭር ድምፅ ሠራሁ። ወደ ኤምፒስሪ ቀየርኩና 001 ብዬ ሰየምኩት። ዘፈኖቹ ከ002 ጀምሮ ይከተላሉ። ቁልፉን ጫን አድርገው ሲይዙት ወደሚቀጥለው ፎልደር ያልፋል፤ ድምፄን ሰምተው የፈለጉት ከሆነ ይቆያሉ፣ ካልሆነ ያልፋሉ።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። እንዲህ ያሉ ማጫወቻዎች ብዙ ጊዜ የሚያጫውቱት በስም ተራ ሳይሆን ፋይሉ ሚሞሪው ላይ በገባበት ተራ ነው። 001 ብትለው እንኳ መጨረሻ ከገባ መጨረሻ ይጫወታል። ስለዚህ መጀመሪያ ሚሞሪውን ፋት32 ብዬ ፎርማት አደረግኩ። ከዚያ ፎልደሮቹን አንድ በአንድ በተራቸው ፈጠርኩ። ፋይሎቹን በስም ደረደርኩ፣ ሁሉንም መረጥኩ፣ 001 የሚለውን ይዤ ወደ ሚሞሪው ጎተትኩ። የምትይዘው ፋይል ቀድሞ ይገባል።

ኮፒውን በላፕቶፕ ሠራሁት፤ መብራት በማንኛውም ሰዓት ሊሄድ ይችላል፣ ኮፒ መሃል ላይ ከጠፋ ፋይሉ ይበላሻል። ኬብል ሳይሆን ካርድ ሪደር ተጠቀምኩ። ከማጫወቻው ጋር የሚመጣው ኬብል አንዳንዴ ቻርጅ ከማድረግ ውጪ ዳታ አያሳልፍም።

ዘፈን መጨመር ሲያስፈልግም እንዲሁ ጣል አድርጎ መሄድ አይሆንም። የተሰረዘ ፋይል ቦታ ላይ አዲሱ ሊገባበት ይችላል፤ ያኔ ተራው ይዘበራረቃል። እኔ የሁለቱንም ሚሞሪ ሙሉ ቅጂ ላፕቶፑ ላይ አስቀምጫለሁ። ለውጥ ሲኖር ቅጂውን አስተካክዬ ሚሞሪውን ፎርማት አድርጌ ከመጀመሪያው እጭነዋለሁ።

ከዘጌ ባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ጋሼ በሚመጣ ሰው ሚሞሪውን በወረቀት ጠቅልለው ይልኩልኛል፤ ምን እንደሚፈልጉ ደግሞ በስልክ ይነግሩኛል። ሰሞኑን የላኩት የፆሙን ነው። "የበገናውን አንተ አትጥራው፤ እህቴ ትጥራልኝ" አሉኝ። እናቴ ማታ ቀድታልኛለች። ወደ ኤምፒስሪ መቀየርና መጠኑን ማስተካከል ነው የቀረኝ።