ዳኛ በር ሲያንኳኳ

ዳኛ መሆን የሚፈልግ ሰው ቤታችሁ ድረስ መጥቶ፣ በር አንኳክቶ «እባካችሁ ፈርሙልኝ» ቢላችሁ ምን ትላላችሁ? እኔ ደብረ ብርሃን ቁጭ ብዬ ሳስበው መጀመሪያ የመጣልኝ «ነውር ነው» የሚል ነበር። ዳኛ ይለመናል እንጂ አይለምንም፤ እንደዚያ እየሰማን ነው ያደግነው።

ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ለምትኖረው የአክስቴ ልጅ ግን ይሄ የተለመደ ነገር ነው። ሰሞኑን ደውላ «አንተ ጠበቃ አይደለህ? ለሲቪል ፍርድ ቤት ሁለት ሰዎች ይወዳደራሉ፣ ማንን ልምረጥ?» አለችኝ። ሰዎቹን ከየት አውቄያቸው! ሥርዓቱን ግን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ሳነበው ሐሳቤ ተቀየረ፤ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኒውዮርክ ከተማ ሲቪል ፍርድ ቤት እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ የገንዘብ ክርክር ያያል። ቀድሞ ጣሪያው 25,000 ነበር፤ ከፍ ያለው እ.ኤ.አ. በ2021 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶበት ነው። ያልተመለሰ ብድር፣ ያልተከፈለ የሥራ ዋጋ፣ የመኪና ግጭት ካሳ፣ ተራው ሰው በየቀኑ የሚገጥመው ጣጣ ሁሉ እዚያ ይሄዳል። ዳኛው በሕዝብ ይመረጣል፣ የሥራ ዘመኑም 10 ዓመት ነው። ለመወዳደር ደግሞ ቢያንስ 10 ዓመት የጥብቅና ፈቃድ ይዞ የቆየ መሆን አለበት። ማንም ተነስቶ አይገባም ማለት ነው።

ዋናው ፍልሚያ ያለው በሰኔ ነው። ፓርቲው ውስጥ ዕጩ የሚለይበት ምርጫ በሰኔ ይደረጋል፣ ድምፅ የሚሰጠውም የዚያ ፓርቲ አባል ሆኖ የተመዘገበ ሰው ብቻ ነው። አብዛኛው መራጭ ዴሞክራት በሆነበት እንደ ብሮንክስ ባለ ቦታ በሰኔ ያሸነፈ አለቀለት፤ በጥቅምት መጨረሻ የሚመጣው አጠቃላይ ምርጫ ብዙ ጊዜ ያንኑ ማጽደቅ ነው።

ሰኔ ድረስ ለመድረስ ግን መጀመሪያ ፊርማ ማሰባሰብ አለ። ለመላው ብሮንክስ ከሆነ 4,000፣ ለአንድ ቀጠና ብቻ ከሆነ 1,500 የፓርቲ አባላት መፈረም አለባቸው። ሥራው የሚጀመረው የካቲት ውስጥ ነው፣ እዚያ ገና ብርዱ ሳይለቅ። ተፎካካሪው እያንዳንዷን ፊርማ አይቶ መቃወም ስለሚችል ከሚፈለገው በላይ አብዝተው ነው የሚሰበስቡት። የአክስቴ ልጅ እንደምትለው አንዷ ተወዳዳሪ ራሷ ናት ሕንፃው ሥር ቆማ ወረቀት የያዘችው። አፍንጫዋ በብርድ ቀልቶ «ስሜ እገሌ ነው፣ ይሄን ያህል ዓመት ጠበቃ ሆኜ ሠርቻለሁ፣ ጥያቄ አለዎት?» ትላለች። የአክስቴ ልጅም ስለ ቤት ኪራይ ጠየቀቻት። ሴትየዋ «ሕጉን ላስረዳሽ እችላለሁ፣ እንዴት እንደምፈርድ ግን ልነግርሽ አልችልም» አለቻት።

እዚህ ላይ ነው ቀልቤን የሳበው። የኒውዮርክ የዳኞች ሥነ ምግባር ደንብ ለዳኝነት የሚወዳደር ሰው «እንዲህ ያለ ጉዳይ ከመጣ እንዲህ እፈርዳለሁ» ብሎ ቃል እንዳይገባ ይከለክለዋል። ለቅስቀሳ የሚሆን ገንዘብም በራሱ አፍ መጠየቅ አይችልም፣ ኮሚቴ ነው የሚሰበስብለት። ከዚያ በላይ ደግሞ የከተማው ጠበቆች ማኅበር ተወዳዳሪዎቹን ገምግሞ ማን ብቁ ነው፣ ማን አይደለም የሚለውን በይፋ ያወጣል። ለአክስቴ ልጅ የሰጠኋትም ምክር ይኸው ነው፦ የማኅበሩን ግምገማ ፈልጊ፣ ፍርድ ቃል የገባልሽ ካለ ግን እሱን ተዪው። (በነገራችን ላይ እሷን የሚያሳስባት ተከራይ ከቤት የሚወጣበት የቤቶች ችሎት የዚሁ ፍርድ ቤት አካል ቢሆንም፣ የዚያ ችሎት ዳኞች የሚቀመጡት በሹመት ነው። ስትሰማ በጣም አዘነች።)

ወደኛ ልመለስ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 81 መሠረት የወረዳ ዳኛ በክልሉ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ አቅራቢነት በክልሉ ምክር ቤት ይሾማል። ባሕር ዳር ላይ እጅ ይወጣል፣ መንዝ ወይም መርሐ ቤቴ ያለው ገበሬ ዳኛውን የሚያየው ችሎት ሲቀርብ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በአባቶቻችን ዘመን ተጣልተው መንገድ ላይ የተያያዙ ሁለት ሰዎች የሚያልፈውን መንገደኛ «ዳኘን» ብለው ያስቆሙት ነበር። እሱም አልፎ መሄድ ይከብደዋል፤ ቁጭ ብሎ፣ ዋስ አስጠርቶ፣ ሁለቱንም ያደምጣል። «በሕግ አምላክ!» ከተባለ ደግሞ ዱላ ያነሳው እጁን ይሰበስባል። በንጉሡ ጊዜ አጥቢያ ዳኛ መጣ፣ እስከ 25 ብር የሚደርስ ክርክር የሚያይ የሰፈር ዳኛ። ዛሬም የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኞች ከዚያው ከቀበሌው የወጡ ሰዎች ናቸው፣ ዓመሉንም አባቱንም የምናውቀው ሰው ነው የሚዳኘን። ከዚያ አንድ ደረጃ ወደ ላይ፣ ወደ ወረዳው ስንወጣ ነው ትውውቁ የሚቋረጠው።

ባለፈው ጥቅምት ለአንድ መዝገብ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ሄጄ፣ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ ሳይለቅ ግቢው ውስጥ አንድ አዛውንት አገኘሁ። በርኖስ ለብሰዋል። በፌስታል የጠቀለሉትን ወረቀት እየፈቱ አሳዩኝ፤ የቀበሌ ደብዳቤ አለ፣ የድሮ ውሳኔ ግልባጭ አለ፣ ጠርዙ የተበላ የግብር ደረሰኝ አለ። የወሰን ክርክር ነው። ዳኛው ተቀይሯል ሲባል ሰምተዋል መሰለኝ «ልጄ፣ ይሄ አዲሱ ዳኛ የማን ልጅ ነው?» አሉኝ። «አላውቅም አባባ» አልኳቸው። «ታዲያ ነገሬን ለማን ነው የምሰጠው?» አሉ፣ ወረቀታቸውን መልሰው እየጠቀለሉ።

ዘመድ ፍለጋ እንዳይመስላችሁ። ሰውዬው ያን ሁሉ ዘመን የደከሙበትን መሬት ለማያውቁት ሰው ማስረከብ ነው የከበዳቸው። እኔ ምን መልስ ነበረኝ?

መልስ ያለው ሌላ ሰው ነበር። ከአጥሩ ጥግ የቆመ ጉዳይ ገዳይ። በየፍርድ ቤቱ በር ላይ የምናውቃቸው ናቸው፤ «ዳኛውን አውቀዋለሁ፣ አብረን ነው የበላነው፣ ትንሽ ነገር ካለ…» የሚሉት። አብዛኞቹ ዳኛውን በዓይን እንኳ አያውቁትም። ዳኛው ቀጥ ያለ ሰው ሆኖ በትክክል ቢፈርድም ጉዳይ ገዳዩ «አየህ፣ ነግሬው ነው» ብሎ ብሩን ይወስዳል፣ የተረታው ደግሞ ዳኛው በልቷል ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይሄ ሰው የሚሸጠው ትውውቅን ነው። ትውውቅ የሚሸጠው ደግሞ ሌላው ሰው ዳኛውን ስለማያውቀው ነው። ዳኛውን ሁሉም አይቶት፣ ድምፁን ሰምቶት፣ ከየት እንደመጣና ምን እንደሠራ አውቆት ቢሆን ኖሮ ያ ሰው ምን ይሸጥ ነበር?

ስለዚህ ዳኛ ይመረጥ ነው የምትለው? አይደለም። ድምፅ ሳጥን ለኛ አይሆንም ብዬ አምናለሁ፣ ምክንያቴም አለኝ። እኛ ጋ ትልቁ ክርክር የመሬት፣ የወሰንና የውርስ ነው። ዳኛው በድምፅ የሚቀመጥ ከሆነ ስልሳ ሰባ ድምፅ ያለው ቤተሰብና አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ወሰን ሲካሰሱ ዳኛው ልቡ ወዴት ይሄዳል? ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይባል የለ። የፓርቲ ነገር ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። አንቀጽ 79 ዳኛ ከሕግ በስተቀር በሌላ ነገር አይመራም ይላል፣ ዕጩነቱን ከፓርቲ የተቀበለ ሰው ይሄን ቃል እኛ አገር ውስጥ እንዴት ይጠብቀዋል? ኒውዮርኮች የ10 ዓመቱ ዘመን ያግዛቸዋል፣ ዳኛው በየዓመቱ መራጭ መራጭ አያይም። ቢሆንም እዚያም ቢሆን ድምፅ የሚሰጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዳኛውን ሳያውቅ ነው ስሙ ላይ ምልክት የሚያደርገው፣ የአክስቴ ልጅም ከኒውዮርክ ደብረ ብርሃን ድረስ የደወለችልኝ ለዚሁ ነው።

የምፈልገው ከድምፅ ሳጥኑ በፊት ያለውን ነገር ነው። ብርድ ላይ መቆሙን። «ጥያቄ አለዎት?» ማለቱን። ለወረዳ ዳኝነት የታጨ ሰው ከመሾሙ በፊት ስሙና ፎቶው በየቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። በገበያ ቀን ይምጣ፣ ሰው በተሰበሰበበት ይቁም፣ የት ተማርክ፣ የት ሠራህ፣ ለምን ዳኝነት ፈለግህ ተብሎ ይጠየቅ። ስለማንም መዝገብ እንዳይጠየቅ፣ ለማንም ቃል እንዳይገባ ይከልከል፣ ልክ እንደዚያች ሴትዮ። አብረውት የሠሩ ጠበቆችና ዐቃቤ ሕጎች ብቃቱን በጽሑፍ ይገምግሙ። ሕዝቡም አስተያየቱን አሽጎ ለጉባኤው ይላክ፣ የሰጪው ስም ለዕጩው ሳይደርስ። ሹመቱን ጉባኤውና ምክር ቤቱ ይስጡ፣ ሥልጣናቸው ነው።

አንድ ዳኛ ወዳጄ ይሄን ስነግረው ተቆጣ። «ዳኛ ከሕዝብ በራቀ ቁጥር ይከበራል» አለኝ። እኔ አይመስለኝም። መራቁ ተራውን ሰው ነው የሚያርቀው፣ ገንዘብና ስልክ ቁጥር ያለው ሰው መንገድ አያጣም። ሌላው ያነሳው ግን ከባድ ነው፤ የደኅንነት ጉዳይ። ጸጥታ በሌለበት ቦታ ዳኛን ገበያ መሃል ማቆም አደጋ አለው፣ እውነቱን ነው። እንዲያ ባለ ቦታ በሬዲዮ ይቅረብ፣ ሰው በስልክ ይጠይቀው። ብቻ ይታወቅ። እህል ቢያንቅ በውሃ ይዋጣል፣ ውሃ ሲያንቅ በምን ይዋጣል? ዳኛ ላይ እምነት ያጣ ሰው የት ሄዶ ይከሳል?

ጠበቆች ስንሰበሰብ ይሄን ሐሳብ አነሳዋለሁ፣ ጽፌም ለጉባኤው አስገባለሁ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ችሎት የምትመላለሱ ሰዎች፣ የወረዳችሁ ዳኛ ሲሾም ከመሾሙ በፊት የነገራችሁ አካል ነበረ ወይ? ካለ እንዴት እንደተደረገ ጻፉልኝ፣ ማመልከቻው ላይ እጨምረዋለሁ።