ረጅሙን ቃል ከኋላው

ዛሬ ማታ የእህቴ ልጅ ደብተሯን ይዛ አጠገቤ ቁጭ አለች። ነርሲንግ ነው የምትማረው። ገጹን ስትገልጥ ፊቷ ቅጭም አለ። መስመሩን ግማሽ የያዘ አንድ ቃል ነበር፦ ኦቶራይኖላሪንጎሎጂ።

«ከኋላ ጀምሪ» አልኳት። ሎጂ ጥናት ነው፤ ከባዮሎጂ ታውቀዋለች። ከዚያ ወደፊት መጣን። ኦቶ ጆሮ፣ ራይኖ አፍንጫ፣ ላሪንጎ ማንቁርት። ሁሉም የግሪክ ናቸው።

«እንዴ ጋሼ! የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሕክምና ነዋ!»

አዎ፣ ሆስፒታል በር ላይ የሚለጠፈው ራሱ ነው። ቅደም ተከተሉ እንኳ አልተዛነፈም።

ትርጉሙ ገባት፤ ምላሷ ግን አሁንም ተያዘ። ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ለትርጉም የምንቆርጥበትና ለድምፅ የምንቆርጥበት ቦታ አይገጥምም። ለትርጉም አራት ክፍል ይበቃል። ለአፍ ግን ዘጠኝ ነው፦ ኦ፣ ቶ፣ ራይ፣ ኖ፣ ላር፣ ኢን፣ ጎል፣ ኦ፣ ጂ። «ጎል»ን ልብ በሉልኝ። የሎጂን «ል» ከቤቷ አውጥቶ ለላሪንጎ ሰጣት። ስንናገረው ድምፁ ጎላ፣ ጠንከር የሚለውም እዚያው ላይ ነው። ባዮሎጂም በእንግሊዝኛ እንደዚሁ ነው፤ የድምፁ ጉልበት ከመጨረሻው ሦስተኛው የድምፅ ክፍል ላይ ያርፋል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። «ስላልነገርናቸው» የሚለውን ውሰዱ። ስለ፣ አል፣ ነገር፣ ን፣ አቸው ነው። ስንናገረው ግን ስ፣ ላል፣ ነ፣ ገር፣ ና፣ ቸው ይሆናል። «ስለ» እና «አል» «ላል» ላይ ተዋሃዱ፤ ድንበራቸው ጠፋ። አማርኛ የሚናገር ልጅ ይህን ሳይማር ይችለዋል። ታዲያ ያንኑ ችሎታ እንግሊዝኛው ላይ እንዲጠቀምበት የሚያሳየው ሰው ማጣቱ ይቆጨኛል። ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ቃል ከነትርጉሙ በጅምላ ሲሸምድዱ ማየት አንጀቴን ይበላዋል። እኔ ብሆን የሕክምና ቃላት ትምህርትን የመጀመሪያ ሳምንት ለዚህ ብቻ እሰጠው ነበር።

ቀጥሎ ኤሌክትሮካርዲዮግራምን አየን፤ ኢሲጂ የምንለውን። ግራም የተመዘገበ ነገር፣ ካርዲዮ ልብ። የልብ ኤሌክትሪክ ምዝገባ ማለት ነው። ካርዲዮን አውጥተን ኤንሴፋሎን ስናስገባ ወደ አንጎል ሄድን። ኤንሴፋሎ ራሱ ይከፈላል፦ ኤን ውስጥ፣ ሴፋሎ ራስ።

«ራስ ውስጥ ያለው፣ አንጎል» አለች፣ እኔ አፌን ሳልከፍት። ከዚያ በኋላ እርሳሱን ከእጄ ወስዳ የቀሩትን ቃላት ራሷ መቁረጥ ጀመረች።