የሆለታው ግሳት

ዛሬ ከልጄ ጋር ሆለታ አቅራቢያ ወደሚገኘው እንሰሳ ኮቴ፣ ከሰው እጅ የተረፉ የዱር እንስሳት ወደሚጠለሉበት ስፍራ ሄደን ነበር። አመሻሽ ላይ ጎፈሩ የጠቆረ አንበሳ አገሳ፤ ደረቴ ውስጥ ተሰማኝ። በዱር ይህ ድምፅ እስከ 8 ኪሎ ሜትር ይሰማል።

ልጄ «ሚስቱ የት አለች?» አለችኝ። በዱር መንጋው የሴቶቹ እንደሆነ ነገርኳት። እናት፣ ልጅ፣ እኅትና አክስት በተወለዱበት ምድር አብረው ይኖራሉ፤ አንዷ የሌላዋን ደቦል ታጠባለች። ወንዱ ግን በ2 ወይም በ3 ዓመቱ ይባረራል። ከወንድሞቹ ጋር ተንከራትቶ ሌላ መንጋ በጉልበት ይይዛል፤ እዚያም ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ዓመታት በላይ አይቆይም።

ያልነገርኳት አለ። አዲስ የመጡት ወንዶች የቀደሙትን ደቦሎች ይገድላሉ፤ ልጆቿን ያጣች እናት ቶሎ ለመፀነስ ዝግጁ ትሆናለችና። ያኔ እሷና ከአዲሶቹ ወንዶች አንዱ ለ3 ወይም ለ4 ቀናት ሳይለያዩ፣ ቀንም ሌሊትም ደጋግመው ይገናኛሉ። ከ110 ቀናት ገደማ በኋላ ትወልዳለች። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን፤ እናቶቹ ሲያብሩም ወራሪውን የሚመልሱበት ጊዜ አለ። ይህ ልቤን ነካው።

ስንመለስ ልጄ ጭኔ ላይ ተኝታ ነበር። የቀረውን ስታድግ እነግራታለሁ።