ቀኑ ያለፈ ሁሉ ዕዳ አይደለም

ባለፈው የካቲት አንድ ምሽት የእናቴን የደም ግፊት መድኃኒት ልሰጣት ስል፣ በስልኬ ላይ ባለው የሥራ ዝርዝር ውስጥ «የእማዬ ኪኒን» የሚለው መስመር ሁለት ጊዜ ተጽፎ አገኘሁት። አንዱ የዕለቱ ነበር፤ ሁለተኛው በቀይ የተጻፈ፣ ቀኑ ያለፈበት የትናንቱ ነው። ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ፣ በዚያ ላይ እንግዳ መጥቶብን ስለነበር መስጠቱን ረስቼው ኖሯል። ቀይ መስመር ሳይ ቶሎ ጨርሼ ማጥፋት ልማድ ሆኖብኛልና ሁለት ኪኒን አውጥቼ በመዳፌ ላይ አስቀመጥኩ። የፋርማሲ ባለሙያዋ «ብትረሱ እንኳ ለማካካስ ደርባችሁ እንዳትሰጧት» ብለው ማስጠንቀቃቸው ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው። አንዱን መለስኩት። እናቴ ምንም አልሆነችም፤ እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

መተግበሪያው ያዘዝኩትን ነው የፈጸመው። በየቀኑ እንዲያስታውሰኝ ስነግረው፣ ሳይፈጸም ያለፈው ቀን ምን ይሁን የሚለውን አልነገርኩትም፤ መነገር ያለበት መሆኑንም አላውቅም ነበር። በማግስቱ ከዝርዝሬ ውስጥ የሚደጋገሙትን ሥራዎች አንድ በአንድ አውጥቼ ስመለከታቸው፣ ሁሉም «ተደጋጋሚ» የሚል አንድ ስም ይያዙ እንጂ ቀናቸው ሲያልፍ የሚሆኑት ነገር ፈጽሞ የተለያየ መሆኑን ተረዳሁ።

ኪኒኑ ከቀኑ ጋር የሚያልፍ ነው። የትናንቱ ትናንት ቀርቷል፤ ዛሬ የሚቆመው የዛሬው ብቻ ነው። እቁቡ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ለሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቼ ሁለት እሑድ ሳልከፍል ከርሜ ስመለስ፣ ዝርዝሬ ላይ የቆየኝ አንድ መስመር ብቻ ነበር። ከፍዬ ምልክት ሳደርግበት በቀጥታ ወደ መጪው እሑድ ዘለለ፤ እኔም የጨረስኩ መስሎኝ ዝም አልኩ። የእቁቡ ጸሐፊ ደውለው የአንድ ሳምንት መዋጮ እንደሚቀረኝ ሲነግሩኝ በጣም አፈርኩ፤ እቁብ በመተማመን የቆመ ነገር ነውና። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሥራ ያለፈው ሁሉ እየተደረደረ መቆየት አለበት፤ ሁለት ሳምንት ካመለጠ ሁለት መስመር።

የውሃ ሮቶ ማጠብ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። በየሦስት ወሩ አጥበዋለሁ። መስከረም 10 መታጠብ የነበረበትን ጥቅምት 5 ባጥበው፣ በቀን መቁጠሪያ የሚሄድ ዝርዝር ታኅሣሥ 10 ላይ ዳግመኛ ያስታውሰኛል፤ ይህም ከታጠበ ገና በ65ኛው ቀን ነው። ቆሻሻው የሚጠራቀመው ግን ከመጨረሻው እጥበት ጀምሮ ስለሆነ ቆጠራውም ከዚያው መነሳት ይኖርበታል።

ይህን ልዩነት አስቀድመው ያሰቡበት ሰዎች አሉ። ቱዱኢስት በተባለው የሥራ ዝርዝር መተግበሪያ ላይ «በየ» የሚል ትርጉም ካለው የእንግሊዝኛ ቃል ቀጥሎ ቃለ አጋኖ ከተጨመረ፣ ቀጣዩ ቀን የሚቆጠረው ሥራው ከተፈጸመበት ዕለት ነው፤ ካልተጨመረ ግን መጀመሪያ የተያዘለትን ቀን ይዞ ይቀጥላል። ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን ካርስተን ዶሚኒክ የተባሉ የሥነ ፈለክ ባለሙያ በ2003 እ.ኤ.አ. ኢማክስ ለሚባለው የኮምፒውተር የጽሑፍ ማዘጋጃ የጀመሩት፣ ማስታወሻና የሥራ ዝርዝር መያዣ የሆነው ኦርግ ሞድ ነው። እዚያ የመደጋገሚያው ምልክት ሦስት ዓይነት ነው። አንድ የመደመር ምልክት ሲሆን ሥራው በተፈጸመ ቁጥር ቀኑ አንድ እርምጃ ብቻ ይራመዳል፤ ሁለት እሑድ ያመለጠው ሰው ሁለት ጊዜ ምልክት ሳያደርግ ወደ መጪው አይሻገርም፤ ይህ የእቁቤ ነው። ሁለት የመደመር ምልክት ከሆነ ያለፈውን ሁሉ ዘልሎ ወደፊት ካሉት ቀኖች የመጀመሪያው ላይ ያርፋል፤ ይህ የኪኒኑ ነው። ነጥብና የመደመር ምልክት ከሆነ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ይቆጥራል፤ ይህም የሮቶው ነው። በስልክ መተግበሪያዎች ላይ ይህ ምርጫ በቅንብሩ ውስጥ ተደብቆ ይገኛል፤ ጨርሶ የሌለባቸውም አሉ። ገና ሥራው ሲመዘገብ ቢጠየቅ እመርጥ ነበር።

ለእኛ አገር ሰው ሌላም ጉዳይ አለ፤ እርሱም የወሩ ነው። የቅዱስ ሚካኤል ማኅበራችን ወር በገባ በ12 ይሰበሰባል። በኅዳር ወር ስመዘግበው ኅዳር 12 በፈረንጆቹ ኖቬምበር 21 ላይ ስለዋለ «በየወሩ በ21» ብዬ አዘዝኩት። ታኅሣሥ 12 ዲሴምበር 21 ነውና ደህና ሄደ። ጥር 12 ግን ጃንዋሪ 20 ነው፤ ማስታወሻው አንድ ቀን ዘገየ። የካቲት 12 ፌብሩዋሪ 19 ስለሆነ ሁለት ቀን ዘገየ። መጋቢት 12 ማርች 21 ላይ ስለሚውል እንደገና ተስተካከለ፤ ይህ ደግሞ ይባስ አሳሳተኝ፣ ምክንያቱም ስህተቱ የመተግበሪያው ሳይሆን የእኔ የዓይን ስህተት መሰለኝ። የእኛ ወር ምንጊዜም 30 ቀን ነውና መፍትሔው «በየወሩ» ማለቱን ትቶ «በየ30 ቀኑ» ማለት ነው። እንዲህ ከተደረገ ከመስከረም 12 እስከ ነሐሴ 12 ያለ አንዳች ዝንፈት ይሄዳል። ቆጠራው ግን ከተያዘው ቀን እንጂ ከተፈጸመበት ዕለት መሆን የለበትም፤ አለዚያ ምልክቱን አንድ ቀን ዘግይቼ ባደርግ ማኅበሩ ከዚያ በኋላ በየወሩ ወደ 13 ይገፋብኛል። የሚቀረው የጳጉሜን ነገር ነው። ሳይታረም ከተተወ ከነሐሴ 12 በኋላ ያለው 30ኛ ቀን መስከረም 7 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ደግሞ መስከረም 6 ላይ። ስለዚህ በየዓመቱ ጳጉሜን 1 «ሠላሳ ቀን የሚቆጠሩትን ሁሉ ወደፊት ግፋ» የሚል አንድ ሥራ ይዣለሁ። የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር በሥራ ዝርዝር ውስጥ በቀጥታ ማስገባት ለሚችል የአገራችን ባለሙያ ይህ ሊሠራ የሚገባው ሥራ ነው፤ የቤት ኪራዩም፣ ዝክሩም፣ ማኅበሩም የሚቆጠረው በእኛው ወር ነውና።

ቀናቸው ያለፈባቸው፣ ግን የማይደጋገሙ ሥራዎችን በተመለከተ አንድ ልማድ ብቻ ነው የተውኩት። ያለፈውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ዛሬ የሚያዛውረውን ቁልፍ አልነካውም። ሠላሳ ያህል ሥራ በየማለዳው ወደ ዕለቱ ሳዛውር ከርሜ ነበር፤ በዚህ ምክንያት ቀን የሚባለው ነገር ትርጉሙን አጥቶ፣ በእርግጥ የዛሬ የሆነው ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋብኝ ነበር። አሁን ቅዳሜ ጠዋት ተቀምጬ እያንዳንዱን ለብቻው አየዋለሁ። ብዙዎቹ ቀን የተሰጣቸው በማንም ሳይሆን በራሴ ምኞት እንደነበር ስለማይ ቀኑን አንስቼ ያለ ቀን አስቀምጣቸዋለሁ። ሌላ ሰው የሚጠብቀው ሥራ ከሆነ ግን አዲስ ቀን ከመስጠቴ በፊት ለሰውየው እደውላለሁ።

ወደ ኪኒኑ ልመለስ። የትናንቱ መስመር ዛሬ እንዳይታይ አድርጌ አስተካክዬዋለሁ፤ ነገር ግን ይህ ብቻውን እንደማይበቃ የገባኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ሐኪሙ በቀጠሮዋ ቀን «መድኃኒቱን ሳታቋርጥ ነው የወሰደችው?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ ዝርዝሬ ያለፈውን ሁሉ ስለደመሰሰው የምመልሰው አጣሁ። አሁን ከኪኒኑ ማሸጊያ ጋር ትንሽ ደብተር አስቀምጫለሁ። የተዘለለ ቀን ሲኖር ቀኑንና ምክንያቱን እጽፍበታለሁ፤ ከየካቲት ወዲህ ሦስት መስመር ተጽፎበታል፤ ለቀጣዩ ቀጠሮ እርሱን ይዤ እሄዳለሁ።