ኢንድራ ገደለ፣ ሴት ታጠበች

የኔፓል ዋና ከተማ ካትማንዱ የደረስኩት በእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው። ባለታክሲው ከአውሮፕላን ጣቢያ 1500 ሩፒ ተቀበለኝ። ግማሹ ይበቃው ነበር። ቀኑን ሙሉ ስናደድ ዋልኩ።

ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ግን ካሱኝ። ሁሉም «ዲዲ» ይሏቸዋል፤ እኛ እትዬ እንደምንለው። በማግስቱ ማለዳ ቀስቅሰው ባግማቲ ወንዝ ወሰዱኝ። ዕለቱ ሪሺ ፓንቻሚ የሚባለው የሂንዱ ሴቶች በዓል ነው። ዳርቻው በሴቶች ተሞልቷል። እንደኛ መፋቂያ ያለ 365 የዳቲዋን እንጨት ይዘው ጥርሳቸውን ይፍቃሉ። ከዚያ ደጋግመው ይታጠባሉ። በወር አበባቸው ጊዜ ሳያውቁ ነክተው ላረከሱት ነገር ሁሉ ንስሐ ነው።

ለምን? ዲዲ ነገሩኝ። የአማልክት ንጉሥ ኢንድራ አንድ ብራህሚን፣ ማለትም ከካህናት ወገን የሆነ ሰው ገደለ። ኃጢአቱ ሲከብደው ለመሬት፣ ለዛፍ፣ ለውሃና ለሴት አከፋፈለው። የሴት ድርሻ የወር አበባ ሆነ። እሱ ይግደል፣ እሷ ትታጠብ! እዚያው ቆሜ ደሜ ፈላ። ዲዲ ግን በእርጋታ ፀጉራቸውን ያጥባሉ።

ፖካራ የምትባለውን ከተማ በዝናብ አይቼ ወደ ካትማንዱ ተመለስኩ፤ ተራራው አልታየኝም።

ስመለስ የዚያው የኢንድራ በዓል ደርሷል። ባሳንታፑር አደባባይ መግቢያው ለእኛ ለውጭ ሰዎች 1000 ሩፒ ነበር። ግፊያው ሊጥለኝ ሲል አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው ደረጃ ላይ አወጡኝ። ከዚያ ኩማሪ በሠረገላ መጣች። ትንሽ ልጅ ናት። ግንባሯ ላይ ዓይን ተስሏል። ፈገግ አትልም። ታሌጁ የምትባለው እንስት አምላክ አድራባታለች ተብሎ ይሰገድላታል። የመጀመሪያ የወር አበባዋን ያየች ቀን ግን ታሌጁ ትለያታለች። ሌላ ሕፃን ትመረጣለች።

የዲዲ ምራት ከምዕራብ፣ ከአቻም ናት። ልጅ ሳለች በእነዚያ ቀናት ከቤት ውጭ ጎጆ ውስጥ ታድር ነበር። ቻውፓዲ ይሉታል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፈረንጆች 2005 ከልክሎታል። በ2018 ሥራ ላይ የዋለ ሕግም አስገዳጁን በ3 ወር እስራት ወይም በ3000 ሩፒ ይቀጣል። ያም ሆኖ ሴቶች እዚያ ጎጆ ውስጥ በጭስ ታፍነው፣ በእባብ ተነድፈው ሞተዋል።

የቤተ እስራኤሎች የመርገም ጎጆ ትዝ አለኝ። እኔም ብሆን በእነዚያ ቀናት የማስቀድሰው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ ነው። ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

በመጨረሻው ምሽት ምራቲቱ ጊዜዋ ነበርና ከማድ ቤቱ ደፍ ውጭ ቁጭ ብላለች። ዲዲ ሻዩን መሬት ላይ አስቀመጡላት። ሁለተኛውን እኔ ቀድቼ እጇ ላይ ሰጠኋት። ዲዲ አዩን። ዝም አሉ።